ዝም ያለው ጠርሙስ

ሰውየው ጫማ ሰፊ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የሱቁን መዝጊያ ወደ ላይ ገፍቶ፣ ሽርጡን አስሮ፣ ዝቅ ያለች በርጩማው ላይ ይቀመጥና ከቆርቆሮ ውስጥ ጥቂት ሚስማር ቆንጥሮ አፉ ውስጥ ይከታል። ግራ እጁ ጫማውን ጉልበቱ ላይ ይይዛል፣ ቀኝ እጁ መዶሻውን። ሚስማር የሚያቀብለው ሦስተኛው እጅ ምላሱ ነው። ምላሱ አንዷን ሚስማር ከጓደኞቿ ለይቶ፣ አናቷን ወደ ውጭ አዙሮ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ያቆማታል። ጣቱ ይቀበላል፣ መዶሻው ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ቀጣይዋ ተራዋን ይዛ ከንፈር ላይ ትጠብቃለች። ይህን ከመምህሩ ተማረ፤ መምህሩም ከመምህሩ። አንድ ቀን እንኳ ሚስማር ውጦ አያውቅም። ድዱን መውጋቱ፣ ምራቁ የብረትና የደም ጣዕም መቀላቀሉ ግን የሥራው ጠባይ ነበርና እንደ ጉዳት አይቆጥረውም፤ እንደ ጣት መሻከር ነው የሚያየው።

ሰፈሩ «አፈ ሚስማር» ይለዋል። ስሙ ሲወጣለት ለቀልድ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን የክብር ስም ሆነ። ምክንያቱም ሰው ሁሉ ሆዱን የሚዘረግፈው እሱ ዘንድ ነው። አፉ ሚስማር የሞላ ሰው ምክር አይሰጥም። ነገር አያቋርጥም። «እኔም አንዴ እንዲህ ሆኜ» ብሎ የራሱን ጣጣ አያመጣም። ባሏ የካዳት ሴት፣ ከልጁ የተጣላ አባት፣ እድገት የቀረበት ጸሐፊ አንድ ጫማቸውን አውልቀው፣ በባዶ እግራቸው ካርቶን ላይ ቆመው ይነግሩታል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል፤ ተረከዙ ሲያልቅ ችግሩም ያለቀ መስሏቸው ይሄዳሉ። «እንዴት ያለ ጥልቅ ሰው ነው» ይባባላሉ። እውነቱን ለመናገር ጥልቀቱ የሚስማር ጥልቀት ነበር። ግን ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥልቅ ነህ ሲባል ማመኑ አይቀርም፤ እሱም አመነ። ቤቱ ሲገባ ሚስማሩን ተፍቶም ዝም ይላል። ሚስቱ ለምን እንደማያወራት ስትጠይቀው «ዝም አይነቅዝም» ይላታል። በአንድ ምሽት ከእሱ ብዙ ቃል ተገኘ የሚባለው ያንን ተረት ሲደግመው ነው።

ሌላም ጠባይ ነበረው። ቁራጭ አይጥልም። የጣት ጥፍር የምታህል ቆዳ ለአንድ ቀዳዳ ልኳ ትሆን ይሆናል፤ የክር ጫፍ ለአንድ ስፌት ይበቃ ይሆናል። በርጩማው ሥር የተደረደሩት ባዶ የጫማ ቀለም ቆርቆሮዎች እያንዳንዳቸው የአንድ ነገር ትራፊ ይዘዋል። መጥፎ ጠባይ አይደለም፤ እንዲያውም ከዚህ የተሻለ ጠባይ ለአንድ የእጅ ባለሙያ አይመኙለትም። የሰው ልጅ ግን የሚወድቀው በክፋቱ ብቻ አይደለም፤ በሙያው ያገለገለውን ደግ ልማድ ወደማያገባው ቦታ ይዞ ሲገባም ይወድቃል።

ሕመሙ የጀመረው በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ልብ የሚባል ነገር እንዳለው የሚያውቀው ሰው ከኋላው መጥቶ ሲያስደነግጠው ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ግድም መዶሻውን እንደያዘ ብርድ ብርድ አለው። ኮቱን ደረበ። ጥርሱ መንገጫገጭ ሲጀምር ሚስማሮቹን መዳፉ ላይ ተፋቸው፤ ሚስማር ይዞ መንቀጥቀጥ አይቻልምና። ቤቱ ሄዶ ተኛ። ላብ አጠመቀውና በማግስቱ ደህና ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰበት።

ቤት ውስጥ ልጁ ጥርሷን ታክማ የተረፋት የፀረ ተዋስያን፣ አንቲባዮቲክ የሚሉት፣ ካፕሱል ነበር። ሦስት ዋጠ፤ ትኩሳቱ ወረደ። የቀረውን አልጣለም። አንዱን ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አጥቦ እዚያ ከተተው። ሁለት ሳምንት ከርሞ ትኩሳቱ ሲመለስ ሁለት ዋጠ፤ ወረደ። ከዚያ ጎረቤቱ ያለው ልብስ ሰፊ ከሳንባ ሕመሙ የተረፈውን ሰጠው፤ ቀለሙ የተለየ ነው እንጂ ካፕሱል ካፕሱል ነው ተባባሉ። ያም ቆርቆሮዋ ውስጥ ገባ። በአራት ወር ውስጥ አንድም መድኃኒት እስከ መጨረሻው አልተወሰደም፤ አንድም አልተጣለም። ገላውን እንደ ጫማ ጠገነው ማለት ነው፤ ቀዳዳ በታየ ቁጥር ልኩን ቁራጭ እየለጠፈ።

ጫማ ግን ከውስጥ አይበሰብስም፤ ገላ ይበሰብሳል። ሰውየው ከሳ። ቀበቶው ሰፋበትና በገዛ ወስፌው አዲስ ቀዳዳ በሳለት፤ ወር ሳይቆይ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ሚስቱ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አንሶላ ስትተኩስ የምትውል ሴት ናት፤ ከሥራ ስትመለስ ለራሷም ጉልበት አይተርፋትም። ሦስተኛውን ቀዳዳ ስታይ ግን ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀበቶህን ነው የምትበሳው ወይስ ራስህን?» አለችው። በማግስቱ ከሥራ ቀርታ እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችው።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስድስት አልጋ ያለው ክፍል ተሰጠው። ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ እግሩ አብጦ የተኛ፣ ምላሱ ግን ምንም ያልነካው። የመረመረችው ወጣት ሐኪም ናት። ዐይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ከትናንት ጀምሮ እንዳልተኛች ያስታውቃል። ደረቱን አዳመጠች። ማዳመጫውን አንስታ ነካ ነካ አደረገችና እንደገና አዳመጠች። ወደ ግራ ጎኑ እንዲዞር፣ ትንፋሹን እንዲይዝ ነገረችው። ቀጥላ እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አወጣችና ጥፍሮቹን አንድ በአንድ አየች። ጥፍሩ ሥር የእንጨት ስንጥር የገባ የመሰለ ቀይ ቀጭን መስመር አለ።

«ይሄ የሥራ ነው» አላት እጁን ሊሰበስብ እየሞከረ።

«ይሆናል» አለች እጁን ሳትለቅ። «አባባ፣ የልብ ሕመም አለብዎት ተብለው ያውቃሉ? በልጅነትዎም ቢሆን?»

አያውቅም። ልብ ብሎ ነገር በዘሩም የለም። አባቱ በሰማንያ ዓመቱ ነው የሞተ፤ ያውም ከመሰላል ወድቆ። ሐኪሟ ፈገግ ብላ አፉን እንዲከፍት አዘዘችው። የፊት ጥርሶቹ ጫፋቸው ተሸራርፏል። ምን እንደሸረፋቸው ስትጠይቀው ስለ ሚስማሩ ነገራት። ሳቀች፤ ሾፌሩም ከወዲያኛው አልጋ ሳቀ። ከዚያ በጓንት ጣቷ ድዱን ቀስ ብላ ስትጫነው ደም ወጣ። ሳቋ እዚያው ቀረ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነገሩን እንደ ዘመድ አስረዳችው። ልብ ውስጥ ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚከፈቱና የሚዘጉ ስስ በሮች አሉ፤ ቫልቭ ይባላሉ። ከአፍ የሚነሳ ተዋሲ፣ ጀርም የሚሉት፣ በቆሰለ ድድ በኩል ደም ውስጥ ገብቶ እነሱ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሰፍረው ቀድሞ የተጎዳ በር ላይ ነው። ልባቸው ደህና የነበረ ሰዎችም ግን ይያዛሉ፤ እነዚህ ደግሞ ማንም ስለማይጠረጥራቸው ወራት ያልፋሉ። እሷ ጠርጥራለች። ለማረጋገጥ ደሙ በተለያየ ሰዓት ተቀድቶ ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተዋሲው ካለ እዚያ ይበቅላል፤ ማንነቱ ሲታወቅ ለእሱ የሚሆነው መድኃኒት በደም ሥር ለሳምንታት ይሰጣል። እስከዚያ ሌላ መድኃኒት ከገባ ግን ተዋሲው ሳይሞት ይደበቃል፤ ጠርሙሱም ዝም ይላል።

«ስለዚህ አባባ፣ ባለፉት ሳምንታት ፀረ ተዋስያን ወስደዋል? ካፕሱል፣ መርፌ፣ ምንም?»

ቆርቆሮዋ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነበረች። የዚያኑ ቀን ጠዋት ከቤት ሲወጣ አንድ ውጧል።

«የለም» አለ።

ለምን እንዲህ እንዳለ በኋላ ደጋግሞ ራሱን ጠየቀ። ካፕሱሎቹ በስሙ የታዘዙ አልነበሩም፤ የልጁና የልብስ ሰፊው ናቸው፤ ያ እንደ መስረቅ ሆኖ ታየው። ደግሞም ሐኪሟ አክብራ ነበር የምታዋራው፤ ትራፊ ሲለቃቅም የኖረ ሰው መስሎ ሊታያት አልፈለገም። ከሁሉ በላይ ግን መልሱ ከምላሱ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ የቆመ ነበር። ሳይናገሩ የኖሩ ሰዎች ድንገት ሲጠየቁ የሚወጣቸው አጭሩ ቃል ነው፤ አጭር ቃል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውሸት ነው።

ደሙ ተቀዳ፤ በማግስቱም ተቀዳ። ከሰዓት በኋላ ብርዱ ሲጀምረው የሚሰጡት ትኩሳት ማብረጃ ብቻ ነው፤ ማብረጃው አልያዘለትም። የተከፈተ ስፌት ትቶ መቀመጥ የማይችል ሰው የተከፈተ ገላውን ይዞ እንዲጠብቅ ታዘዘ። አልቻለም። ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ኮቱን ይደርባል፤ እዚያ አንዲት ካፕሱል በቧንቧ ውሃ ይውጣል። በቀን አንድ ብቻ። ቁጥብ ነውና። የቆርቆሮዋ ካፕሱል እየመነመነ ሲሄድ ሚስቱን ከቤት የቀረውን እንድታመጣለት ላካት፤ እሷም ለምን ብላ ሳትጠይቅ በመሃረብ ጠቅልላ አመጣችለት።

በቀን አንድ ካፕሱል ተዋሲውን አይገድለውም፤ አንገቱን ግን ያስደፋዋል። ትኩሳቱ ረገብ አለ። ጠርሙሶቹ ንጹሕ ሆነው ቀሩ። ሾፌሩ ጠዋት ጠዋት ወጣቷ ሐኪም ወጥታ ስትሄድ ይጠይቀዋል።

«ጠርሙስህ ዛሬም አልተነፈሰም?»

«አልተነፈሰም።»

«የወጣው አንተን ነው» ይላል ሾፌሩ። ክፍሉ ይስቃል። ጫማ ሰፊው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

በደረቱ ላይ የተነሣው የልብ አልትራሳውንድ ሐኪሞቹን አላረካቸውም፤ ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፤ አንድ ሲሉ ሌላ ይመስላል። በዚህ መካከል ሽንቱ ውስጥ ደም ተገኘ፤ መገጣጠሚያዎቹን ቆረጠመው። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ዋናው ሐኪም ተከታዮቻቸውን አስከትለው መጡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው የማይጮህ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉ ሰው ናቸው። አልጋው ግርጌ ቆመው ወረቀቶቹን አገላበጡ። ልቡ ደህና የነበረ ሰው ነው አሉ። ስድስት ጠርሙስ ደም ንጹሕ ነው። ትኩሳቱ እኛ ምንም ሳንሰጥ በራሱ ይወርዳል። ኩላሊቱና መገጣጠሚያው ተነክቷል። ይህ የተዋሲ ሥራ አይመስልም፤ የሰውየው የገዛ መከላከያ ተሳስቶ ገላውን እየወጋ ነው። ነገ ጠዋት መከላከያውን የሚያስተኛ መድኃኒት እንጀምራለን።

ወጣቷ ሐኪም ከኋላ ሆና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ኢንፌክሽን ካለ ግን፣ ፕሮፌሰር?»

«ካለማ በሩን ወለል አድርገን ከፈትንለት ማለት ነው። ይገድለዋል። ግን የት አለ? የሚስማሩን ነገር ሰምቻለሁ፤ ስንቱ ጫማ ሰፊ ሚስማር ሲጎርስ ኖረ። መድኃኒት ሳይወስዱ ጠርሙሱ እንዲህ ዝም አይልም። አልወሰድኩም ብለዋል አይደል?»

«ብለዋል።»

«ታምኛቸዋለሽ?»

«አምናቸዋለሁ» አለች። «የሚናገሩት ትንሽ ነው፤ ቃላቸው ግን አንድ ነው።»

ይህ ሁሉ የተባለው እሱ ፊት፣ ከእግሩ አውራ ጣት በላይ ነው። ሕመምተኛ አልጋ ላይ ሲጋደም ጆሮው የሌለ ይመስላቸዋል። ሁሉንም ሰማ፤ ሁሉም ገባው። አንዲት ልጅ ስሙን መያዣ አድርጋ በአለቃዋ ፊት መሰከረችለት፤ ያ መያዣ ደግሞ ባዶ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ምሥጢር ሲያዳምጥ «ምነው ያን ጊዜ በተናገርኩ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማ ትዝ አለው። ያን ጊዜ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ምን ያህል ቀላል ነበር ራስ መነቅነቅ።

ከምሳ ሰዓት በኋላ ሚስቱ መጣች። ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ ጫማዋን አወለቀች፤ የእጆቿ ጣቶች ከካውያው ሙቀት የተነሣ አብጠዋል። ነገ ሊጀመር ስላለው መድኃኒት በለሆሳስ ነገራት። ስለ ስምንቱ ቀንም ነገራት። ስለ መሃረቡ ካፕሱሎች ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ፤ እሷ የመሰላት ሐኪሞቹ የሚያውቁት ነገር ነው።

ከዚያ ጎንበስ ብላ «ቆርቆሮውን ስጠኝ» አለችው። «ወስጄ እጥለዋለሁ። መዋጥ አቁም። ካቆምክ ጠርሙሱ ይናገር የለ? ማንም ሳያውቅ ያልፋል። እኔንስ ምን ይሉኛል? ነርሷ ስገባ ስወጣ ‹እናቴ› ትለኛለች።»

የሴትዮዋ ሐሳብ ሞኝነት አልነበረም። እሱም አሰበበት። ከነገ ወዲያ፣ ወይ ከሳምንት በኋላ፣ ተዋሲው ራሱን ቀና ያደርጋል፤ ደሙ እንደገና ይቀዳል፤ ጠርሙሱ ይናገራል፤ አፈ ሚስማርም እንደተከበረ ይኖራል። ሆድ ይፍጀው የሚባለው ለዚህ አይደል? ችግሩ ጊዜው ነው። ጠርሙሱ ለመናገር ቀናት ይፈልጋል፤ መድኃኒቱ የሚጀመረው ነገ ጠዋት ነው። ይህን ሲያስብ አንድ የገረመው ነገር ነበር፦ ሞት ወደ ሐኪሟ ከምታደርሰው፣ ከሃያ እርምጃ ከማትበልጥ ኮሪደር ይልቅ ቀሎት መታየቱ። ሰው ሞትን የሚፈራው ሩቅ ሲሆን ነው፤ ሲቀርብ የሚያስፈራው የሰው ዐይን ነው።

«እንዲያው ዝም ልበል ትያለሽ?» አላት።

«ስትችልበት የኖርከውን ነው» አለች ሚስቱ። ለነገሩ የተናገረችው ልትወጋው ብላ አልነበረም፤ ደክሟት ነው። ቃሉ ግን ቦታውን አግኝቶ ገባ፤ ሁለት ጊዜ መምታት እንኳ አላስፈለገውም።

ተነሣ። ኮቱን አልደረበም፤ ከኪሱ ቆርቆሮዋን ብቻ አወጣ። በኮሪደሩ ግድግዳውን እየተደገፈ ሄደ። ወጣቷ ሐኪም የነርሶቹ ጠረጴዛ ዘንድ ቆማ በአንድ እጇ ቁራሽ ዳቦ ይዛ በሌላው ትጽፋለች። ስታየው ለመቀመጫ ዐይኗን አንከራተተች። እሱ ቆርቆሮዋን ወረቀቷ ላይ አስቀመጠ።

ከፈተችው። የሁለት ዓይነት ካፕሱል፣ ሰባት ስምንት ቀርቷል። ዳቦውን አኑራ በጣቷ ገለባበጠቻቸው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአራት ወር። አንዳንድ ጊዜ። እዚህ ከገባሁ በየቀኑ፣ አንድ አንድ።»

«ዛሬ?»

«ዛሬም።»

«ለምን?» አለች፤ ጥያቄው ከሐኪም ይልቅ የልጅ ይመስል ነበር።

ብዙ ምክንያት አስቦ መጥቶ ነበር። አፉ ላይ የተገኘው ግን «ቁራጭ አልጥልም፣ ልጄ» የሚል ብቻ ሆነ።

አላሳቃትም። «ጠዋት ስምዎን ጠርቼ የተናገርኩትን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ።»

«እየሰሙ ዝም አሉ።»

«ዝም አልኩ።»

ፊቷ ቀላ። ቆርቆሮዋን ከድና ይዛ በፍጥነት ወደ ደረጃው ሄደች። ግማሽ ዳቦዋ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። እሱም አንድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ነገር ትዝ አለው፤ ጅቡ መሄድ አለመሄዱን ግን ገና አያውቅም።

ወደ አልጋው ከተመለሰ በኋላ ዋናው ሐኪም ራሳቸው መጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። ከአልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡና የዋጠውን፣ የዋጠበትን ቀን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ሁሉ ጠየቁት። መለሰላቸው። ሲጨርስ በሁለት ጣታቸው ዐይናቸውን አሹ። የነገው መድኃኒት ቀርቷል አሉ። ያንኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በጉሮሮው የሚገባ ቱቦ አስዋጡት፤ በዚያ መንገድ ልብ ከጀርባዋ በኩል ጥርት ብላ ትታያለች። በግራው የልቡ በር በአንደኛው ስስ ክፋይ፣ ቅጠል በሚሉት፣ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ነገር ተንጠልጥላ፣ ልቡ በመታ ቁጥር ትወዛወዝ ነበር። ወጣቷ ሐኪም የጠረጠረችው ልክ ነበረ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ልክ ነበረች።

ደም እንደገና ተቀዳ፤ ጠርሙሶቹ ግን እስከ መጨረሻው አልተናገሩም። ስለዚህ የተዋሲው ማንነት ሳይታወቅ፣ በግምት፣ አንድ መድኃኒት ይበቃ በነበረበት ቦታ ሁለት ተደርጎ ተሰጠው። አንደኛው ኩላሊትን የሚያደክም፣ ጆሮ ውስጥ የሚጮህ ነው። ስድስት ሳምንት። በሦስተኛው ቀን የጥርስ ሐኪም መጥቶ ሥራቸው የበሰበሰ ሁለት ጥርሶች ነቀለለት። ነርሷ ሚስቱን በክፍሉ ሰው ሁሉ ፊት ገሠጸቻት፤ «እናቴ» ማለቱንም ተወችው። ሚስቱ ከዚያ በኋላም በየቀኑ መጣች፤ ንጹሕ ልብስ አምጥታ የቆሸሸውን ትወስዳለች፤ ቃል ግን አትተነፍስም። በአራተኛው ቀን «ምነው አታናግሪኝም፣ እሜቴ?» አላት።

«ቅመሰው» አለችው። «እንዴት እንደሚጣፍጥ እስኪገባህ ድረስ።»

አምስት ቀን አስቀመሰችው። በስድስተኛው ቀን እሷው ሰለቻት።

ስድስት ሳምንት ረጅም ነው። ሰው ሁለት ወር ሳይሞላ ስንት ጊዜ እንደሚታክት የሚያውቀው የሚንጠባጠብ መድኃኒት ሥር የተኛ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ፈጽሞ ጠፋ፤ በሦስተኛው ዳነ፤ ቢያንስ እሱ የዳነ መሰለው። ድሮ ቢሆን ቀሪውን ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጦ ይሄድ ነበር። ሾፌሩም ይህን አውቆ «በል ተነሥ፣ የተረፈውን ለእኔ አውርሰኝ» እያለ ያሾፍበታል። ጫማ ሰፊው አይነሣም። ትዕግሥት አልነበረም፤ ራሱ ላይ የነበረው እምነት ስላለቀ ነው። ገላው ደህና ነኝ ሲለው አያምነውም፤ እሱ ራሱም ለሐኪሟ እንዲሁ ዋሽቷልና። ሾፌሩ በአምስተኛው ሳምንት ወደ ሌላ ሆስፒታል ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሆነ የሰማ የለም። አልጋውን የያዘው ሰው የማይናገር ሆኖ ተገኘ፤ ክፍሉም ጭር አለ።

በመጨረሻው ቀን የልቡ ሥዕል እንደገና ተነሣ። ወጣቷ ሐኪም ውጤቱን ይዛ መጣች። ከዚያ የኮሪደር ቀን ወዲህ ሥራዋን አንድም ቀን አላጓደለችም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ግን ተቀምጣ አታውቅም። አሁንም ቆማ ነገረችው። ተዋሲው ጠፍቷል። ምስሯም የለችም። የነበረችበት ቦታ ላይ ግን ቅጠሉ ተበልቶ ቀዳዳ ቀርቷል፤ ደም ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ ይፈሳል። ለጊዜው በመድኃኒትና በክትትል ይኖራል፤ አንድ ቀን መከፈትና መጠገን ይመጣ ይሆናል። ደረጃ ቀስ ብሎ ይወጣል። ከባድ አያነሳም። ጥርሱን በየስድስት ወሩ ይታያል።

ሁሉንም ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ መነቅነቁን ትቶ ጠየቃት።

«ያ ቀዳዳ፣ ዶክተር… እዚህ ገብቼ ዝም ባልኩበት ስምንት ቀን ውስጥ ነው የተበሳው?»

ሐኪሟ ወረቀቱን አየች፤ ወረቀቱ ላይ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። አዎ ብትለው ቅጣቱን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። አይደለም ብትለው ዕረፍት አግኝቶ ይሄድ ነበር። ለሁለቱም ተዘጋጅቶ ነው የጠየቃት።

«አላውቅም» አለች። «ቀድሞም ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ቀናትም ሊሆን ይችላል። ማንም ሊያውቅ አይችልም።» ደግሞ «ለመንገር አንድ ቀን ዘግይተው ቢሆን ግን እዚህ ቆመን አንነጋገርም ነበር» አለች። በእጇ ትከሻውን ነካ አድርጋው ሄደች፤ የሚጠብቃት ሌላ አልጋ ነበር።

ሚስቱ የልብሱን ቦርሳ ተሸክማ ከፊት፣ እሱ የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ከኋላ ወረዱ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠረው። ቆመች፤ ምን አለችህ ብላ ጠየቀችው። ድሮ ቢሆን «ደህና ነው» ይላትና ጉዞው ይቀጥል ነበር። አሁን ስለ ቀዳዳው ነገራት። ወደ ኋላ ስለሚፈሰው ደም፣ አንድ ቀን ስለሚመጣው ቢላዋ፣ ስለ ስምንቱ ቀን የጠየቀውንና ያገኘውን መልስ አንድም ሳያስቀር ነገራት። በየመካከሉ ትንፋሹን እየሰበሰበ ስለተናገረው ረጅም ጊዜ ወሰደ። በደረጃው የሚወጡ የሚወርዱ ሰዎች እየዞሯቸው አለፉ። ሚስቱ አላቋረጠችውም፤ አላጽናናችውምም።

«እንግዲህ ሳናውቀው ልንኖር ነው» አለች ሲጨርስ።

«ሳናውቀው።»

ቦርሳውን ደረጃው ላይ አስቀመጠችና አጠገቡ ቁጭ አለች። እግሯ አብጦ ነበር። «ተቀመጥ በል» አለችው፣ «ደረጃው አይሸሽም።» ተቀመጠ። ሁለቱም ደክሟቸው ነበርና ማን ቀድሞ እንደሚነሣ ሳይነጋገሩ ቆዩ።